ዲሽን ወደ ኢትዮሳት ማዞርና የገባው ጣቢያ የማን እንደሆነ መለየት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች

ቻናል በጠፋ ቁጥር ዲሽ ሠሪ መጥራት ይሰለቻል። ባለሙያው ይመጣል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ትንሽ ይነካካል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ምን እንደነካ ግን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ሌላ ጊዜ ሲጠፋ እንደገና ስልክ እንመታለን። የሚያስፈልገው እውቀት ግን ያን ያህል ብዙ አይደለም። ሁለት ማዕዘን፣ አንድ የኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ሆኖ ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃ) አቀማመጥ፣ ጥቂት ፍሪኩዌንሲ፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ሪሲቨሩ ዝርዝር ውስጥ የገባው ስም በርግጥ የማን ጣቢያ ነው? ፔንሲዮን፣ ሆቴል ወይም ካፌ ያላችሁ ደግሞ፣ ያን ጣቢያ ለሃያ ክፍል ስታከፋፍሉ ምን ይፈቀድላችኋል? እነዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በመጀመሪያ ወዴት እንደምናዞር እንወቅ። ሳተላይቷ ኤንኤስኤስ 12 ትባላለች። የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ናት፤ ወደ ሕዋ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ቦታዋ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ኢትዮሳት የሚባለው እሷ ላይ የተሰባሰበው የአገር ውስጥ ቻናሎች ጥቅል ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ቤት ዲሹን ያዞረው ወደ ናይልሳት፣ ማለትም ወደ 7 ዲግሪ ምዕራብ ነበር። ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ስለዚህ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ሰቅሎ ሁለቱንም ለመያዝ መሞከር እዚህ አይሠራም።

እንደኛ አካባቢ ደግሞ ናይልሳትን መተው የማይፈልግ ቤት ብዙ ነው። የቁርኣንና የዓረብኛ ቻናሎች የሚከታተሉ ወላጆች ባሉበት ቤት ዲሹን አዙሮ መሄድ ጠብ መጫር ነው። ሁለተኛ ዲሽ ትከሉ። ሁለቱን ኬብል ዳይሴክ በምትባለው ትንሽ ስዊች አገናኙና አንድ ኬብል ወደ ሪሲቨሩ አውርዱ። የትኛው ዲሽ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደተሰካ ጻፉ፤ ኋላ ሪሲቨሩ ይጠይቃችኋል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ሪሲቨራችሁ ኤችዲ የሚያነብ መሆኑን አረጋግጡ። ኤስዲ ብቻ የሚያነብ የድሮ ሪሲቨር ዲሹ በትክክል ቢዞርም ብዙዎቹን ቻናሎች አያሳይም። ሰው ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ሲደክም ይውልና ጥፋቱ የሪሲቨሩ ሆኖ ይገኛል።

ኤልኤንቢው ዩኒቨርሳል የሚባለው ይሁን። ማሸጊያው ላይ 9750/10600 የሚል ቁጥር አለው። የብሎኑ ልክ የሆነ መፍቻ፣ ኮምፓስ ያለው ስልክ፣ ፕላስተር፣ ትርፍ የኬብል ኮኔክተር ያዙ። ቲቪው ፊት ተቀምጦ በስልክ "ጨመረ፣ ቀነሰ" የሚላችሁ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ልጆች ከአዋቂ ይሻላሉ፤ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አያነሱም።

ኬብል ስትነቅሉና ስትሰኩ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉት። ሪሲቨሩ በኬብሉ በኩል ለኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ ይልካል፤ የመሀሉ ሽቦ ከዙሪያው መረብ ጋር ከተነካካ ሊያቃጥለው ይችላል። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ አትውጡ። በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ጣሪያ መቼ ደርቆ ያውቃል የምትሉ ካላችሁ፣ ዲሹን መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ትከሉት። ከታች እንደምታዩት ለዚህ ሳተላይት ዲሹን ከፍ ያለ ቦታ መስቀል አያስፈልግም።

አንደኛ፦ አቅጣጫ

ከደሴ ሳተላይቷ ያለችው ከሰሜን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ስንዞር 122 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ማለትም ደቡብ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያደላ። ለኮምቦልቻም ያው ነው፤ ልዩነቱ እጅ አይሰማውም። የስልክ ኮምፓስ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሊሳሳት ስለሚችል ለመነሻ ብቻ ተጠቀሙበት። ቆርቆሮና የብረት ምሰሶ አጠገብም ያብዳል፤ ራቅ ብላችሁ ለኩ።

ደሴ ላይ ላላችሁ አንድ ቀላል ምልክት አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ ያለችበት አቅጣጫ ከሳተላይቷ አቅጣጫ ጋር በጣም ይቀራረባል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ስለሚወርድ አያስታውቅም እንጂ፣ በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ብታሰምሩ ታዩታላችሁ። ፊታችሁን ወደ ኮምቦልቻ አዙራችሁ ጥቂት ወደ ቀኝ ካላችሁ ደርሳችኋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ደሴን ከጀርባችሁ አድርጉ።

ሁለተኛ፦ ከፍታ

ከአድማስ ወደ ላይ 66 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ብዙ ነው፤ ሳተላይቷ ከአናታችን ብዙም አትርቅም።

"ደሴ በተራራ ስለተከበበች ሲግናል አይገባም" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ጦሳ ያለው በምዕራብ በኩል ነው። ናይልሳትም ያለው ወደ ምዕራብ፣ በ35 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ከጦሳ ግርጌ ላለ ቤት ለናይልሳት ነገሩ ጥቂት እውነትነት ሊኖረው ይችላል። ለኢትዮሳት ግን ተራራው ሰበብ መሆን አይችልም። በ66 ዲግሪ ላይ የሚከልል ተራራ የለም። የሚከልላችሁ የጎረቤት ፎቅ ወይም ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም በጣም ከቀረበ። ዛፉ ከዲሹ 10 ሜትር ርቆ ከቆመ፣ ለመከለል ከዲሹ በላይ ከ22 ሜትር በላይ መርዘም አለበት። ለናይልሳት ግን 7 ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ፣ በረንዳ ጥግ፣ መሬት ላይ የተተከለ ዲሽ ለኢትዮሳት በደንብ ይሠራል። ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀና ብላችሁ ሰማዩ ክፍት መሆኑን ብቻ እዩ።

አሁን አንድ የሚያሳስት ነገር። ገበያ ላይ የምናገኛቸው ትናንሽ ዲሾች በአብዛኛው ኦፍሴት ናቸው፤ ኤልኤንቢያቸው ከሥር ባለ ክንድ ላይ ይቀመጣል። እነዚህ ዲሾች ከሚያዩት አቅጣጫ ይልቅ ፊታቸው ያጎነበሰ ይመስላል፤ ልዩነቱ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የዲሹን ፊት በ66 ዲግሪ ካጋደማችሁት አልፋችሁ ሄዳችኋል። ከኋላው ባለው መያዣ ላይ የዲግሪ መስመር ካለው 66 ላይ አድርጉት፤ መስመሩ ኦፍሴቱን አስቦ የተሠራ ነው። መስመር ከሌለው የስልካችሁን ማዕዘን መለኪያ ዲሹ ፊት ላይ አስደግፉና፣ ከቀጥታ አቋሙ ወደ ኋላ ከ40 ዲግሪ ትንሽ አለፍ እስኪል አጋድሙት። ኤልኤንቢው መሀል ላይ የሚንጠለጠለው ትልቁ ዲሽ ግን ቀጥታ 66 ነው።

ምሰሶው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ጠማማ ምሰሶ ላይ ያለ ዲሽ ወደ ጎን ባዞራችሁት ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይቀየራል። ያኔ ማብቂያ የለውም።

ሦስተኛ፦ ኤልኤንቢውን ማዞር

ብዙ ዲሽ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አቅጣጫውም ከፍታውም ልክ ሆኖ ሪሲቨሩ የሚያሳየው ጥራት 30 እና 40 ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ኤልኤንቢው ስላልዞረ ነው።

ከዲሹ ኋላ ቆማችሁ ወደ ሳተላይቷ ተመልከቱ። የኤልኤንቢው ኬብል መውጫ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሆነ በሰዓት ፊት ላይ 6 ቁጥር ላይ ነው እንበል። እሱን 57 ዲግሪ ያህል በግራ ዙር፣ ማለትም ወደ 4 ቁጥር ውሰዱት። ከፊት ለፊት ሆናችሁ የምታዩ ከሆነ ይገለበጣል፤ ወደ 8 ቁጥር ይሆናል።

ለናይልሳት የሚያስፈልገው መዞር ደግሞ ወደ ሌላው ጎን 75 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የናይልሳት ዲሻችሁን ኤልኤንቢውን ሳትነኩ ወደ ምሥራቅ ብቻ ብታዞሩት 48 ዲግሪ ያህል ትስታላችሁ። ከዚህ የከፋ ስሕተት ማግኘት ያስቸግራል። ሞገዱ በሁለት አቋም፣ በአግድምና በቋሚ ይላካል፤ 45 ዲግሪ ላይ ሁለቱ እኩል ስለሚቀላቀሉ ኤልኤንቢው የሚፈልገውን ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው። በሰላሙ ቀን ያሳያል፤ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል። ከዚያ "ሳተላይቷ ደካማ ናት" ይባላል።

አራተኛ፦ ቁጥሮቹን ማስገባት

ከሪሲቨሩ ሜኑ የዲሽ ወይም የአንቴና ማስተካከያውን ክፈቱ። ኤንኤስኤስ 12 የሚል ሳተላይት ካለ እሱን፣ ከሌለ አዲስ ጨምሩና 57 ምሥራቅ በሉት። የኤልኤንቢውን ዓይነት ዩኒቨርሳል አድርጉ። ዳይሴክ ካላችሁ ቀዳዳውን ምረጡ።

ከዚያ ፍሪኩዌንሲ። የኢትዮሳት ቻናሎች ለረጅም ጊዜ የተላለፉባቸው፦

11105፣ አግድም፣ 45000
11165፣ አግድም፣ 45000
11605፣ አግድም፣ 45000

የመጀመሪያው ፍሪኩዌንሲ፣ ሁለተኛው ፖላራይዜሽን (የሞገዱ አቋም)፣ ሦስተኛው ሲምቦል ሬት (የመረጃው ፍጥነት) ነው። አግድም የሚለውን ሪሲቨሩ በእንግሊዝኛው ኤች ፊደል ያሳየዋል። ጣቢያዎች ቦታ ስለሚቀያይሩ፣ አንዱ ካልያዘላችሁ ዲሹን ከመነቅነቃችሁ በፊት ሌላውን ሞክሩ። አዲስ ፍሪኩዌንሲ ሲኖር ጣቢያዎቹ ራሳቸው በማስታወቂያ ስክሪን ላይ ደጋግመው ያሳያሉ። ያን ስክሪን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ አሮጌው ሲዘጋ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ሦስቱም ከ11700 በታች ስለሆኑ 22 ኪሎኸርዝ የሚለው ምርጫ መጥፋት አለበት። ሪሲቨሩ "አውቶ" ካለው ለሱ ተዉት።

አምስተኛ፦ ማሰር

ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ይታያል። አንዱ ጉልበት፣ ሌላው ጥራት። ጉልበቱን እርሱት። ኤልኤንቢው ከኬብሉ ጋር ከተገናኘ ዲሹ መሬት እያየም ጉልበት ያሳያል። የምታሳድዱት ጥራቱን ነው።

ዲሹን በከፍታው አስራችሁ ወደ ጎን በጣም በዝግታ አንቀሳቅሱ። በጣት ወርድ ልክ፣ ከዚያ ቆም። ሪሲቨሩ ሞገዱን ለመያዝ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ቶሎ ቶሎ ካዞራችሁ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። ካልተገኘ ከፍታውን አንድ ሁለት ዲግሪ ቀይራችሁ ድገሙ። ጥራት ብልጭ ሲል ቁሙ። ከፍተኛውን እስኪሰጥ ጎኑን፣ ከዚያ ከፍታውን፣ በመጨረሻ ኤልኤንቢውን በትንሽ በትንሹ አስተካክሉ።

ብሎኖቹን ስታጠብቁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወራችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻው ካጠበቃችሁ ዲሹ ይንሸራተታል። ካጠበቃችሁ በኋላ ጥራቱን እንደገና እዩ። ልክ ሲሆን በማርከር ምሰሶው ላይና መያዣው ላይ መስመር አስምሩ። ነፋስ ካንቀሳቀሰው መስመሩን መልሳችሁ ማገናኘት ብቻ ነው።

አሁን ፍለጋውን አስጀምሩ። "ነፃ ቻናሎች ብቻ" የሚለውን ብትመርጡ ይሻላል፤ አለበለዚያ የዶላር ምልክት ያለባቸው የተቆለፉ ቻናሎች ዝርዝሩን ይሞሉታል።

ስድስተኛ፦ ይህ ጣቢያ ማን ነው?

ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። የሳተላይት ሥርጭት ምስልና ድምፅ ብቻ አይደለም፤ አብሮት የጽሑፍ መረጃ ይላካል። የጣቢያው ስም፣ የአስተላላፊው ስም፣ የመለያ ቁጥር፣ ምስሉና ድምፁ የሚገኙባቸው ፒአይዲ የሚባሉ ቁጥሮች። ስሙን የሚጽፈው ሥርጭቱን ወደ ሳተላይት የሚልከው ባለሙያ ነው። አሳጥሮ ሊጽፈው ይችላል። ጣቢያው ስሙን ከቀየረ በኋላም አሮጌው ሊቆይ ይችላል። ያለን ሪሲቨር ደግሞ በሪሞት ስም መቀየር ያስችላል፤ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ዝርዝሩን በፍላሽ ጭነው ነው የሚሸጡላችሁ። እንግዲህ ዝርዝሩ ላይ ያለ ስም ደካማው ማስረጃ ነው።

በስም መመሳሰል የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ኢቢሲ የመንግሥቱ ኮርፖሬሽን ነው፣ ኢቲቪም የሱ ነው። ኢቢኤስ ግን የግል ጣቢያ ነው። አንድ ፊደል ናት ልዩነቷ። አማራ ቴሌቪዥን የምንለው ዛሬ አሚኮ ነው፤ በተለያዩ ቋንቋዎች የሚያሰራጨው አሚኮ ኅብር ደግሞ ሌላ ቻናል ነው። ቡና ላይ "ትናንት በኢቢሲ ተነገረ" ሲባል በርግጥ የትኛው እንደሆነ ሁለቴ ጠይቁ።

በእርግጠኝነት ለመለየት እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የስክሪኑን ጥግ ሎጎ እዩ። ሎጎ በበዓልና በሐዘን ቀን መልኩን ሊቀይር ስለሚችል በሱ ብቻ አትቁሙ። የዜና መግቢያን ጠብቁ፤ ጣቢያው ስሙን በድምፅና በጽሑፍ የሚናገረው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ሪሞቱ ላይ የመረጃ ቁልፉን ተጫኑ። ፍሪኩዌንሲውና ፒአይዲው ይመጣል። ያን ከጣቢያው ማስታወቂያ ጋር አስተያዩ። ሦስቱ ከተስማሙ ጣቢያው እሱ ነው። ሎጎው የአንዱ፣ ፍሪኩዌንሲው የሌላ ከሆነ ወይ ጣቢያው እየተዛወረ ነው፣ ወይ ዝርዝራችሁ አርጅቷል።

አንድ ጣቢያ ሁለት ቦታ ቢመጣም አትደንግጡ። ከፍሪኩዌንሲ ወደ ፍሪኩዌንሲ ሲዛወሩ ለጥቂት ጊዜ በሁለቱም ያስተላልፋሉ። አሮጌውን አጥፉና አዲሱን አስቀሩ።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ነገር በሕግ ጠብቆ የታሰረ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽናቸው እያንዳንዱ ጣቢያ ሥርጭት ሲጀምር፣ ሲጨርስና በየሰዓቱ ማንነቱን እንዲናገር ያስገድዳል። መናገር ያለበት የንግድ ስሙን አይደለም። በመንግሥት የተሰጠውን የጥሪ ፊደልና፣ ከሱ ቀጥሎ ፈቃድ ያገኘበትን ከተማ ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ ምሥራቅ ያሉት በደብሊው፣ ምዕራብ ያሉት በኬ ይጀምራሉ። እንደ ፒትስበርጉ ኬዲኬኤ ያሉ ጥቂት የድሮዎች ብቻ ከሕጉ ውጭ ቀርተዋል። መነሻ ፊደሎቹን ለየአገሩ ያከፋፈለው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። ከኢትዮጵያ ድርሻ አንዱ ኢቲ ነው። ኮምቦልቻ ኤርፖርት የሚያርፈው አውሮፕላን ላይ የምታዩት ኢቲ ከዚያው የመጣ ነው።

እኔ የሚያስቀናኝ የከተማው ስም ነው። ጣቢያው ለየትኛው ከተማ እንደቆመ በየሰዓቱ መናገር አለበት። የኛ የሳተላይት ጣቢያዎች ለመላው አገር ስለሚያሰራጩ ይህ አይታይባቸውም፤ ደሴ ቁጭ ብሎ የአዲስ አበባ የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ የሚያየው ተመልካች ግን ይታየዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የብሮድካስት ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። የሚሠራበትም የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። በአንድ ፕሮግራም ላይ ቅሬታ ካላችሁ መጀመሪያ ለጣቢያው፣ ካልሆነ ለባለሥልጣኑ ትጽፋላችሁ። ያኔ "በዚያ ቻናል" ማለት አይበቃም። የጣቢያውን ሙሉ ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፕሮግራሙን ስም ጻፉ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ከጻፋችሁ ጧት ወይም ማታ ማለት አትርሱ። ሎጎው የሚታይበት ፎቶ ብታያይዙ ክርክር ይቀንሳል።

ሰባተኛ፦ ለፔንሲዮንና ለካፌ

ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር ተያይዞ የሚመጣው እንግዳ አልጋውን ከማየቱ በፊት ሪሞቱን ያነሳል። ሥርጭቱን ለክፍሎች የምታዳርሱበት ሦስት መንገድ አለ።

ርካሹ አንድ ሪሲቨር ለሁሉም ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ የተመረጠውን ቻናል ሁሉም ክፍል ያያል። ለካፌ ይበቃል። ለፔንሲዮን ግን ጭቅጭቅ ነው፤ አንዱ ኳስ፣ አንዱ ዜና፣ አንዷ ድራማ ትፈልጋለች።

ሁለተኛው ለየክፍሉ ሪሲቨር መስጠት ነው። እዚህ ላይ የኢትዮሳት ተፈጥሮ ይጠቅማችኋል። አንድ መውጫ ያለው ኤልኤንቢ በአንድ ጊዜ ወይ አግድሙን ወይ ቋሚውን ነው የሚልከው። ስለዚህ በተራ ስፕሊተር ሲከፋፈል እንግዶቹ አንዱ የሌላውን ቻናል ያጠፋሉ። የምትፈልጓቸው ቻናሎች ሁሉ አግድም ላይና ከ11700 በታች ከሆኑ ግን ያ ችግር የለም። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍና ለሳተላይት የተሠራ ስፕሊተር ለአራት ለአምስት ክፍል ያዋጣል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ናይልሳትም ይጨመር ካላችሁ መልቲስዊች (ለየክፍሉ የፈለገውን ሞገድ ለይቶ የሚሰጥ ማከፋፈያ) ግዙ።

ሦስተኛው እንደ እውነተኛ የኬብል ቲቪ ነው። ለየቻናሉ አንድ ሪሲቨርና አንድ ሞጁሌተር (ምስሉን ቲቪው ራሱ ወደሚይዘው ቻናል የሚቀይር መሣሪያ) አድርጋችሁ ሁሉንም በአንድ ኬብል ትልካላችሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ቲቪ ያለ ሪሲቨር ራሱ ይይዘዋል። ገንዘብ ያስወጣል፤ ለትልቅ ሆቴል ግን ጥገናው አንድ ቦታ ስለሆነ ይቀላል። ዲጂታል ሞጁሌተር ላይ የጣቢያውን ስም የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ስሙን እንዳለ ጻፉ። "ቻናል 1፣ ቻናል 2" ብላችሁ አትለፉት፤ የሆቴላችሁንም ስም አትለጥፉበት። ሎጎውን መሸፈንና በላዩ የራስን ማስታወቂያ ማስኬድ ደግሞ ከነጭራሹ አይነካ።

ለምን? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለብሮድካስት ድርጅቶች በራሳቸው ሥርጭት ላይ መብት ሰጥቷል። መልሶ ማሰራጨት፣ መቅዳት፣ ለሕዝብ ማቅረብ የነሱ ፈቃድ ነው። ነፃ የሆነው ቻናል ነፃ የሚሆነው ለማየት ነው። ስለዚህ ለክፍሎቻችሁ ከማከፋፈል አልፋችሁ ለሰፈሩ ኬብል ዘርግታችሁ ወርኃዊ ክፍያ ልትሰበስቡ ካሰባችሁ፣ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። በደንበኝነት የሚታዩት ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። እንደ ዲኤስቲቪ ያሉት ለንግድ ቤት የተለየ ጥቅል አላቸው፤ በቤት ካርድ ካፌ ውስጥ ኳስ ማሳየት ውልን መጣስ ነው።

የትኛውን ቻናል ላስቀድም ለሚለው የእኔ ምርጫ የአካባቢው ይቅደም የሚል ነው። አሜሪካኖች ይህንንም በሕግ አስገብተውታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት የኬብል ሕግ የኬብል ድርጅቶች የአካባቢያቸውን ጣቢያዎች እንዲያካትቱ ያስገድዳል። ከ12 በላይ ቻናል የሚይዝ ኬብል እስከ አንድ ሦስተኛውን ለነሱ ሊለቅ ይገደዳል። ጣቢያው በየሦስት ዓመቱ ይመርጣል፦ ወይ "ያለ ክፍያ አስተላልፉኝ" ብሎ ግዴታውን ይጠቀማል፣ ወይ "ያለ ፈቃዴ አትችሉም" ብሎ ዋጋ ይደራደራል። የኬብል ድርጅቶቹ ከሰው ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሕጉ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ጸና። እናንተን ማንም አያስገድዳችሁም። ግን ከ1 እስከ 5 ያለውን ቁጥር ለአሚኮ፣ ለኢቲቪና ለመሰሎቻቸው ስጡ፤ እንግዳ የሚጫነው እነዚያን ቁጥሮች ነው። ዝርዝሩን በወረቀት አትማችሁ በየክፍሉ አስቀምጡ።

ሲጠፋ

ሁሉም ቻናል በአንድ ጊዜ ከጠፋና ዝናብ ካለ፣ ጠብቁ። ከባድ ዝናብ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ዲሽ ማስተካከል አይፈታውም። ቀላል ካፊያ ባጠፋው ቁጥር ግን ጥራታችሁ መጀመሪያውኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመለሱ።

ቋሚ ላይ ያሉ ቻናሎች እየሠሩ አግድሞቹ ብቻ ከጠፉ ኬብሉን ጠርጥሩ። ሪሲቨሩ አግድሙን ለመምረጥ 18 ቮልት፣ ቋሚውን ለመምረጥ 13 ቮልት ይልካል። ውሃ የገባበት ኮኔክተር ወይም ያረጀ ኬብል 18ቱን አያደርስም። ኢትዮሳት በአግድም ላይ የተመሠረተ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፤ ናይልሳቱ ግን በከፊል እየሠራ ያታልላችኋል። ኮኔክተሩን ቁረጡና አዲስ ሥሩ፣ በፕላስተር ጠቅልሉት። ኬብሉን ኤልኤንቢው አጠገብ ወደ ታች ጎንበስ አድርጉት፤ ውሃው ወደ ውስጥ ሳይገባ ይንጠባጠባል። መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ኬብሉን ከሪሲቨሩ ንቀሉት።

በዓመት ሁለት ጊዜ ያለ ምንም ምክንያት የሚመስል መጥፋት አለ። በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንትና በመስከረም አጋማሽ ገደማ፣ ጥርት ባለ ሰማይ፣ ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ይቆራረጣል። ለተከታታይ ጥቂት ቀናት በዚያው ሰዓት ይደገማል። ፀሐይዋ በትክክል ከሳተላይቷ ጀርባ ስለምታልፍና የራሷ ሞገድ ሲግናሉን ስለሚሸፍነው ነው። መፍቻውን አስቀምጡ፤ ፀሐይዋ አልፋ ስትሄድ ራሱ ይመለሳል።